ከኮሎምበስ ለአባቴ፦ ስሙ ስለማይጠራው ቡድን

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ ደኅና ናት? ታናሽ ወንድሜስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጥምቀትንም በብርዱ መካከል፣ ነጠላችንን በካፖርት ላይ ደርበን በደስታ አክብረናል።

በገና ዕለት በስልክ ስንጨዋወት «ለመሆኑ እዚያ አገር እንደ ጊዮርጊስና እንደ ቡና ያለ ነገር አለ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልመሰለኝ «አለ» ብዬ ብቻ አለፍሁት። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄዎ ከልቤ አልወጣም፤ ከገና በፊት በኅዳር፣ ከገናም በኋላ በዚህ በጥር ወር በዓይኔ ያየሁት ነገር መልሱ ራሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁና። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ከቅዳሴ እንደተመለስሁ፣ ሥራም ስለሌለኝ፣ ጊዜ ወስጄ ልጽፍልዎት ተቀምጫለሁ።

አስቀድሜ እንግዳ የሚሆንብዎትን ነገር ላስረዳ። እዚህ አገር ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚከራከርባቸው ተቀናቃኞች የከተማ ክለቦች ብቻ አይደሉም፤ ከክለቦቹ ይልቅ ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ጨዋታውም እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም፤ ስሙ ፉትቦል ይባል እንጂ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ የሚወረውሯትና አንዱ ሌላውን በአካሉ ገጭቶ የሚጥልበት ጨዋታ ነው። የዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ኦሃዮ ስቴት እ.ኤ.አ. በ1922 የተከፈተ ስታዲየም አለው (ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ብረት ስለሚመስል ሕዝቡ በዚያው ስም ይጠራዋል፤ ከ102 ሺህ በላይ መቀመጫ አለው። የተቀናቃኙ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ደግሞ ከ107 ሺህ በላይ ይይዛል፤ በአሜሪካ ከእርሱ የሚበልጥ የለም። ይህን ሁሉ ሕዝብ ከየቤቱ የሚያወጣው የተማሪዎች ጨዋታ መሆኑን ለማመን በመጣሁበት ዓመት በጣም ተቸግሬ ነበር።

ምክንያቱን ያስረዱኝ በሰባዎቹ አጋማሽ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ በወጣትነታቸው እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ጎረቤቴ ናቸው። «ክለብ የባለቤቱ ንብረት ነው» አሉኝ፤ «ባለቤቱ ከፈለገ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል»። ይህን ሲሉ በምሳሌ አልነበረም። በዚሁ በኦሃዮ የምትገኘው ክሊቭላንድ እንደ ዓይኗ ብሌን ትሳሳለት የነበረውን የፉትቦል ክለብ ባለቤቱ በ1996 ወደ ባልቲሞር ይዞባት ሄዷል፤ ከተማዋም ሌላ ቡድን እስክታገኝ ሦስት ዓመት ያህል ባዶዋን ቆይታለች። ዩኒቨርሲቲ ግን ከቆመበት መሬት አይነቀልም። አንድ ሰው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ገብቶ ከተመረቀ እስከ ዕለተ ሞቱ የእርሱ ነው፤ ልጁም፣ የልጅ ልጁም በዚያ ቀለም ያድጋል። ያልተማረበት የሠፈር ሰው እንኳ፣ አናጢውም ሹፌሩም፣ የአገሩ ስም ስለሆነ የእኔ ይለዋል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። በምሠራበት መጋዘን የምሳ ሰዓታችን ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከመስከረም እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን ያቺ ሠላሳ ደቂቃ ከዚህ ጉዳይ ውጪ ለሌላ ነገር ውላ አታውቅም። ከአላባማ የመጣ የፎርክሊፍት ሹፌር አለ፤ በባሕር ኃይል ያገለገለች የፈረቃ ኃላፊያችን አለች፤ ከሰሜን ካሮላይና የመጣ ገና ልጅ የሆነ ባልደረባችን አለ፤ የቀሩት የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከዩኒቨርሲቲዎች ፉክክር ሁሉ ታላቁ የማን ነው?

የአላባማው ሰው ንግግሩን የሚከፍተው «እኛ ዘንድ ሌላ የለም» በማለት ነው፤ እውነቱንም ነው። በዚያ ክፍለ ግዛት ትልልቆቹ የአገሪቱ ሊጎች አንድም ክለብ የላቸውም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ወይ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ወይ የኦበርን። ልጅ አፉን ሲፈታ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ጨዋታቸው «አይረን ቦውል» ይባላል፤ ለብዙ ዘመን ይጫወቱባት የነበረችው በርሚንግሃም የብረት ማቅለጫ ከተማ ስለነበረች ከብረት ስሙን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1893 ጀምረው በ1907 በተጫዋቾች አበልና በዳኛ ምርጫ ተጣሉ፤ ተጣልተውም እስከ 1948 ድረስ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በአንድ ሜዳ ሳይገናኙ ቀሩ። አባቴ፣ በአበል ተጣልተው የአንድ ሰው ጉልምስና የሚያህል ዘመን ሳይነጋገሩ መኖራቸውን ስሰማ የእኛኑ የወንድማማቾች የመሬት ሙግት አስታወሰኝ።

ይኸው ሰው የ2013ቱን ጨዋታ ሲተርክ ግን ሁላችንም መብላት እናቆማለን። 28 ለ28 እኩል ነበሩ። ሰዓቱ አለቀ ሲባል ዳኞቹ አንዲት ሴኮንድ መለሱ፤ አላባማም በዚያች ሴኮንድ ከ57 ያርድ፣ ማለትም ከ52 ሜትር ርቀት፣ ኳሷን መትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ለማሳለፍ ሞከረ። ኳሷ አጠረች። ከምሰሶው ሥር ቆሞ ይጠብቅ የነበረው የኦበርኑ ክሪስ ዴቪስ ተቀበላትና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ በሌላው ጫፍ ገባ፤ 34 ለ28 ሆነ። ባልደረባችን የአላባማ ደጋፊ ነው፤ የሚተርከው የተሸነፈበትን ጨዋታ ነው። ሲተርክም በሳንድዊቹ ቁራሽ ጠረጴዛው ላይ የሯጩን መንገድ በግራ ጠርዝ በኩል እየሳለ፣ ማን የት እንዳመለጠው ያሳየናል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ነገር ሲነሣበት ግን አንገቱን ይደፋል። በኦበርን ከተማ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ሕዝቡ ባሸነፈ ቁጥር የሶፍት ጥቅልል እየወረወረ የሚያለብሳቸው ሁለት ያረጁ የኦክ ዛፎች ነበሩ። ኦበርን በ2010 ካሸነፈ በኋላ አንድ የአላባማ ደጋፊ ዛፎቹን መረዛቸው፤ ራሱም ሬዲዮ ጣቢያ ደውሎ ተናገረ። ሰውየው ታሰረ፤ ዛፎቹም መዳን ስላልቻሉ በ2013 ተቆረጡ። አንዳንዶች ይህን የፉክክሩ ታላቅነት ማስረጃ አድርገው ሲያቀርቡት እሰማለሁ፤ እኔ ግን ፈጽሞ አልቀበለውም። የተሸነፈ ሰው ቂሙን በዛፍ ላይ ሲወጣ የሚያሳየው የፉክክሩን ትልቅነት ሳይሆን የራሱን ማነስ ነው፤ ይህንንም በጠረጴዛው ላይ ተናግሬአለሁ።

የፈረቃ ኃላፊያችን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትከራከርም። ምድር ጦርና ባሕር ኃይል መኮንኖቻቸውን የሚያሠለጥኑባቸው ሁለቱ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ ይጋጠማሉ፤ እርሷም የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የእኛ ልጆች ከጨዋታው በኋላ ወደ ግዳጅ ይሄዳሉ»። የሁለቱ ጨዋታ ሲያልቅ የሚደረገውን ስትነግረኝ ልቤ ተነክቷል። አሸናፊዎቹ በቅድሚያ ከተሸናፊዎቹ ጋር ሆነው ወደ ተሸናፊው አካዳሚ ተማሪዎች ፊታቸውን አዙረው፣ ቀጥ ብለው ቆመው የተሸናፊውን ትምህርት ቤት መዝሙር ይሰማሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ተሻግረው የአሸናፊው ይዘመራል። ስለዚህ በዓመቱ ሁሉ እርስ በርሳቸው የሚመኙት ምኞት «ሁለተኛ ለመዘመር ያብቃን» የሚል ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኅዳር 1963 በተገደሉ ጊዜ ጨዋታው ሊቀር ነበር፤ ባለቤታቸው እንዲደረግ ስለ ጠየቁ ለሌላ ቀን ተላልፎ ተካሄደ። ዘንድሮም በታኅሣሥ መጀመሪያ ከዋሽንግተን አጠገብ በምትገኘው ላንዶቨር ተገናኝተው ባሕር ኃይል 31 ለ13 አሸንፏል፤ በተከታዩ ሰኞ ኃላፊያችን ለሁላችንም ቁርስ ይዛ መጣች። የእርሷን ያህል ክቡር የሆነ ፉክክር እንደሌለ አምናለሁ። ሆኖም ክቡር መሆንና ታላቅ መሆን አንድ አይመስለኝም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የሰሜን ካሮላይናው ልጅ የሚያነሣው የቅርጫት ኳስ ነው። ዱክ እና ሰሜን ካሮላይና የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች መካከላቸው አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የዱክ ተማሪዎች ለዚያ ጨዋታ መግቢያ ለማግኘት በክረምቱ ብርድ ለሳምንታት በድንኳን ያድራሉ። በሚያዝያ 2022 በአገር አቀፉ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝተው ሰሜን ካሮላይና 81 ለ77 ሲያሸንፍ፣ ዱክን አርባ ሁለት ዓመት ያሠለጠኑት ማይክ ሸሸቭስኪ በዚያው ጨዋታ ሥራቸውን ጨረሱ። በዕድሜ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ሃርቫርድና ዬል ይበልጧቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1852 በጀልባ ቀዘፋ ተወዳድረዋልና፤ በመጋዘናችን ግን ስለ እነርሱ የሚቆረቆር ሰው የለም።

አሁን ስለ እኛው ልንገርዎት። የኦሃዮ ስቴትና የሚሺጋን ጉዳይ ሲነሣ ሽማግሌዎቹ የሚጀምሩት ከጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ኦሃዮና ሚሺጋን በቶሊዶ ከተማ በኩል ባለች ቀጭን መሬት ተጣልተው ሚሊሻ አስከትተው ነበር። ፈሰሰ የሚባለው ደም ግን አንድ የሚሺጋን ሹም በሰንጢ ተወግቶ የቆሰለው ብቻ ነው፤ የሞተ ሰው የለም። መሬቷ ለኦሃዮ ተወሰነች፤ ሚሺጋን በምትኩ በሰሜን በኩል በደንና በማዕድን የበለጸገ ሰፊ አገር ተሰጣትና በ1837 እንደ ክፍለ ግዛት ወደ ኅብረቱ ገባች። ኳስ የተጫወቱት ግን ከዚያ ስድሳ ዓመት ዘግይተው በ1897 ነው፤ ያን ጊዜም ሚሺጋን 34 ለ0 አሸነፈ። ስለዚህ የቶሊዶው ታሪክ በኋላ ዘመን ለወሬው ማድመቂያ የተቀጠለ ይመስለኛል፤ ፉክክሩን የሠራው ሌላ ነገር ነው።

የሠራው ድግግሞሹና ቀኑ ነው። ከ1918 ጀምሮ በየዓመቱ ተጋጥመዋል፤ የተቋረጠው በወረርሽኙ ዓመት በ2020 ብቻ ነው። ከብዙ ዘመን ጀምሮም የሚገናኙት በመደበኛው ውድድር መጨረሻ፣ በኅዳር ቅዳሜ ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ሁሉ ተሸክሞ ወደዚያች ቅዳሜ ይሄዳል፤ ሌላው ቢከስር እንኳ ያቺ ቅዳሜ ትጠብቀዋለች።

ሁለተኛው የሠራው ነገር ሁለት ሰዎች ናቸው። ኦሃዮ ስቴትን ከ1951 እስከ 1978 ያሠለጠኑት ዉዲ ሄይስ የተቀናቃኛቸውን ስም መጥራት ስለማይወዱ «ያ ሰሜን ያለው ቡድን» ይሉት ነበር፤ እስከ ዛሬ በዚህ ከተማ ብዙ ሰው ሚሺጋን አይልም። ጎረቤቴ በ1968 ተማሪ ሳሉ ኦሃዮ ስቴት 50 ለ14 ሲያሸንፍ በስታዲየሙ ነበሩ። ማሸነፋቸው ከተረጋገጠ በኋላ ሄይስ ተጨማሪ ሁለት ነጥብ ለማግኘት ሞከሩ፤ ጎረቤቴ ያን ጊዜ ጮኸው እንደ ደገፉ፣ አሁን ግን ባይደረግ እንደሚመርጡ ነግረውኛል። በሚቀጥለው ዓመት ሚሺጋንን ማሠልጠን የጀመሩት ቦ ሼምቤክለር ናቸው፤ እኚህ ሰው በሄይስ ሥር ተጫውተው፣ በሄይስ ሥር በረዳትነት ያሠለጠኑ፣ ሙያውን ከእርሳቸው የተማሩ ነበሩ። ሃያ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውን የመምህራቸውን ቡድን 24 ለ12 ጣሉት። ከዚያ መምህሩና ተማሪው አሥር ዓመት ተፋለሙ፤ ተማሪው አምስት፣ መምህሩ አራት አሸነፉ፤ አንዱን እኩል ወጡ። ሼምቤክለር ያረፉት በኅዳር 2006 ሁለቱ ቡድኖች አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ሊገናኙ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው፤ በማግስቱ በዚሁ በኮሎምበስ ከመቶ ሺህ በላይ የሆነው የተቀናቃኛቸው ሕዝብ ለእርሳቸው በጸጥታ ቆመ።

የጨዋታው ሳምንት ሲደርስ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ባሉት ጽሑፎች ላይ ኤም የምትባለው ፊደል በቀይ ፕላስተር ትሰረዛለች፤ የሚሺጋን መጀመሪያ ናትና። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ ሚሺጋንን ያሸነፈ የኦሃዮ ስቴት ተጫዋች ሁሉ በሱሪ ቅርጽ የተሠራች ትንሽ የወርቅ ጌጥ ይሸለማል። አሠልጣኙ ፍራንሲስ ሽሚት ሚሺጋኖችም እንደ ሰው ሁሉ ሱሪያቸውን አንድ እግር አንድ እግር እያሉ ነው የሚለብሱት በማለታቸው የመጣ ሽልማት ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የአጎቷን በአንገቷ አድርጋ መጥታ አሳይታኛለች፤ ከጣት አንጓ አትበልጥም፤ ጠርዟ በመታሸት ብዛት ለስልሷል። የአገር ሻምፒዮን ሆኖ ሚሺጋንን ያላሸነፈ ተጫዋች ይህችን አያገኝም።

በዚህ ሁሉ መካከል ከ1982 ጀምሮ የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሰዎች በየዓመቱ ከጨዋታው በፊት ባሉት ሳምንታት ደም በመስጠትም ይወዳደራሉ፤ ብዙ ደም የሰበሰበው ያሸንፋል። የጎረቤቴ ባለቤት ዘንድሮ ይዘውኝ ሄደው እኔም ሰጥቻለሁ። በመርፌው ላይ ሆኜ እርሳቸው «ይኸኛውን እንኳ አናሸንፍም እንዴ?» እያሉ የሌላውን ሰው ከረጢት መሙላት ሲከታተሉ ማየት ያስደስታል። ለእማዬ ግን ደም መስጠቴን አይንገሩብኝ፤ ከሳ ብላ ትጨነቃለች።

የዘንድሮው ጨዋታ የዋለው ኅዳር 21 ቀን፣ በጽዮን ማርያም ዕለት ነበር። ከሌሊት ጀምረን ቀድሰን ስንወጣ መንገዱ ሁሉ ቀይ ለብሶ ወደ ስታዲየሙ ይጎርፋል፤ እኛ በነጭ፣ እነርሱ በቀይ በአንድ መብራት ላይ ቆመን ተያየን። አንዲት ልጅ የያዘች እናት «የእናንተ ደግሞ የማን ቡድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በዓላችን መሆኑን ነግሬአት እንኳን አደረሳችሁ አለችን። ነጠላዬን ሳልለውጥ ወደ ጎረቤቶቼ ቤት ገባሁ። የነቢያት ጾም መግባቱን ስለሚያውቁ ባለቤታቸው ሥጋ የሌለበት የባቄላ ወጥ ለይተው ሠርተውልኛል።

ሚሺጋን በዚያ ዓመት ደካማ ነበር፤ ስድስት አሸንፎ አምስት ተሸንፎ መጣ። ኦሃዮ ስቴት አሥር አሸንፎ አንድ ብቻ የተሸነፈ፣ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ነበር። ያም ሆኖ ሽማግሌው ገና ከመጀመሪያው ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እረፍት ሲወጡ 10 ለ10 ናቸው። የእኛው መቺ ሁለት ጊዜ ስቷል። ሊያልቅ አርባ አምስት ሴኮንድ ሲቀረው የሚሺጋኑ መቺ ኳሷን በምሰሶዎቹ መካከል አሳለፈ፤ 13 ለ10። በዚያው አለቀ። ሚሺጋን በተከታታይ ለአራተኛ ዓመት አሸነፈ።

ከዚያ የሆነው የሚያሳዝን ነው። የሚሺጋን ልጆች ባንዲራቸውን በኦሃዮ ስቴት ሜዳ መካከል ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሣ፤ ፖሊስም የሚያቃጥል ርጭት ረጨ፤ በኋላም ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው መቶ ሺህ ዶላር ተቀጡ። ጎረቤቴ ድብድቡን አላዩትም። ውጤቱ እንደ ታወቀ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ በረንዳው ላይ የተሰቀለውን ቀዩን ባንዲራ አውርደው፣ ባለቤታቸው ሳይረዷቸው ብቻቸውን በአራት ሲያጥፉት አገኘኋቸው፤ እኔ ነጠላዬን የማጥፍበትን ሥርዓት የሚያህል ጥንቃቄ ነበረው። ስልካቸው ጮኸ፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለባት በአን አርበር የሚኖረው፣ የዚያው ምሩቅ የሆነው አማቻቸው ነው። ስሙን አይተው እስኪያቆም ዝም አሉ። በማግስቱ ግን ራሳቸው ደውለው «እንኳን ደስ ያለህ» እንዳሉት ባለቤታቸው ነግረውኛል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁልዎት። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ ሁለት ቡድኖች ወደ መጨረሻው ውድድር እንዲገቡ ስለ ተፈቀደ፣ የተሸነፈው ኦሃዮ ስቴት በዚያ በር ገባ። ቴነሲን፣ ኦሪገንን፣ ቴክሳስን እያሸነፈ ሄደና ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ሌሊት፣ በአትላንታ ኖተር ዳምን 34 ለ23 አሸንፎ የአገሪቱን ዋንጫ አነሣ። በዚያች ሌሊት ያ አማቻቸው ልጁን ይዞ ከአን አርበር መጥቶ፣ የሚሺጋንን ሰማያዊ ትቶ ተራ ሹራብ ለብሶ ከአማቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሲያልቅ ሽማግሌው አለቀሱ፤ ሁላችንንም አቀፉን። መንገዱ በመኪና ጥሩምባ ተናወጠ፤ ከየቤቱ ሰው ወጣ፤ በየበረንዳው ባንዲራ ተሰቀለ።

የእርሳቸው በረንዳ ግን ባዶ ነበር። ሊሸኙኝ ሲወጡ ዓይኔ ወደ ባንዲራው መስቀያ መሄዱን አይተው «ዋንጫው ዋንጫ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ፤ «ያ ግን የኅዳር ነው፤ በኅዳር ነው የሚሰቀለው»። ዛሬም ከቅዳሴ ስመለስ አይቼዋለሁ፤ መስቀያው ባዶውን ነው።

አባቴ፣ እኔ ፍርዴን የሰጠሁት በዚያች ሌሊት ነው፤ በማግስቱም በምሳ ጠረጴዛው ላይ ተናግሬዋለሁ። የባሕር ኃይሏ ሴት ፉክክር ከሁሉ ይከብራል፤ የአላባማው ከሁሉ ይመርራል። ታላቁ ግን የአገር ዋንጫ እንኳ ሊያጥበው ያልቻለው ነው። የአላባማው ሰው ለጊዜው መልስ አጣ፤ ነገ ግን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ይህን ስል እርስዎን እያሰብሁ ነው። ልጅ ሳለሁ ከስታዲየም እጄን ይዘው በእግር የተመለስንበት ምሽት ትዝ ይለኛል። ከጥላ ፎቅ ወጥተን፣ የካታንጋው ጭፈራ ከኋላችን እየተሰማ፣ እስከ ቤት ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ጊዮርጊስ በቡና ተሸንፎ ነበር። በዚያ ዓመት ሊጉን ጊዮርጊስ እንደሚወስድ ሁሉም ያውቅ ስለ ነበር «አባዬ፣ ዋንጫው የኛ አይደለም እንዴ?» ብዬ ስጠይቅዎት «ገና ልጅ ነህ» ብለው ራሴን ዳሰሱኝ። ቤት ስንደርስ ወንድሜ ቡናማና ቢጫ ሻሹን ከአልጋው ሥር ደብቆ፣ ደስታውን ውጦ፣ እግርዎን ለማጠብ ውኃ ይዞ ቆሞ ነበር። የጎረቤቴን አማች በዚያ ተራ ሹራብ ሳየው ወንድሜን ያየሁ መሰለኝ።

እንግዲህ አሁን ልጅ አይደለሁምና ያኔ ያልመለሱልኝን ይመልሱልኝ። ጊዮርጊስ ሊጉን ወስዶ በሁለቱም ዙር በቡና ከሚሸነፍ፣ ሊጉን አጥቶ ቡናን በሁለቱም ዙር ከሚያሸንፍ የትኛውን ይመርጣሉ? ወንድሜንም ለብቻው ይጠይቁልኝ፤ እርስዎ ባሉበት እውነቱን አይናገርም። ለእማዬ ጉልበቷን ስሜአለሁ በሉልኝ። ለፋሲካ የሚሆን ጥቂት ብር በሚመጣው ሳምንት እልካለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አክባሪ ልጅዎ